በአያት አልበም ውስጥ ያለች የውድድር መኪና፦ የድሮ አማተር ውድድርን ከፎቶ፣ ከደብተርና ከፊልም ማንበብ

ፎቶው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጣሪያ የሌላት ትንሽ መኪና፤ በሯ ላይ በፕላስተር የተሠራ ቁጥር፤ የፊት መብራቶቿ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተለጠፈ ፕላስተር፤ ፓራውልቷ ተፈቷል። መሪውን የያዘው ሰው እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ ሄልሜት አድርጓል። ከጀርባው «አባዬ ውድድር ላይ» ከሚል በቀር የተጻፈ የለም። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ቅዳሜና እሑዳቸውን መኪና በማሽቀዳደም ያሳለፉ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ ሞልቷል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄዎቹም ከቤት ቤት አይለያዩም። መኪናዋ ምንድን ናት? ውድድሩ የት ነበር? በስንት ዓመተ ምሕረት? ሰውየው ገንዘብ ያገኝበት ነበር ወይስ ከኪሱ ያወጣ ነበር? አብዛኞቹ መልስ አላቸው። የሽማግሌ ትዝታ የሦስት ዓመቱን ውድድር አንድ ቀን አድርጎ ይሰፋዋል፤ ዕቃው ግን ዓመቱን አይረሳም። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን ማንበብ፣ ከዚያ ሰውየውን መጠየቅ ይሻላል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የሰማነውን ታሪክ ፎቶው ላይ በግድ ስንፈልግ እንውላለን።

«አማተር» ሲባል ምን ማለት ነበር

የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ፣ በምህጻሩ ኤስሲሲኤ፣ በ1944 በቦስተን አካባቢ የተቋቋመው በመኪና አፍቃሪዎች ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ የተሠሩ ትንንሽ ስፖርት መኪናዎች ወደ አሜሪካ መግባት ሲጀምሩ ክለቡ ወደ ውድድር ዞረ። ጥቅምት 2 ቀን 1948 በኒውዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ካሜሮን አርጌትሲንገር የሚባል የሕግ ተማሪ ባመነጨው ሐሳብ፣ በከተማዋ መንገድና በዙሪያዋ ባለው የገጠር ጎዳና ላይ 6.6 ማይል፣ ማለትም 10.6 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ዙር ውድድር ተካሄደ። መንገዱ ከፊሉ አስፋልት ያልለበሰ ነበር፤ የባቡር ሐዲድም ያቋርጠዋል። ያሸነፈው ፍራንክ ግሪስዎልድ ነው፤ በአልፋ ሮሜዮ።

የክለቡ ደንብ ጥብቅ ነበር፦ የገንዘብ ሽልማት የለም። አሸናፊ ዋንጫ ወይም የብር ሳህን ይዞ ይሄዳል። የመመዝገቢያውን፣ የቤንዚኑን፣ የጎማውን፣ የተሰበረውን ሞተር ሁሉ የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው። ባንዲራ የሚያውለበልቡት፣ ሰዓት የሚይዙት፣ መኪና የሚመረምሩት ሰዎችም በነፃ ነበር የሚሠሩት። ክለቡ ራሱ የገንዘብ ሽልማት ያለው ብሔራዊ ተከታታይ ውድድር የጀመረው በ1963 ነው። ስለዚህ የ1950ዎቹ የክለቡ ዋንጫ ቤት ውስጥ ካለ «ስንት ተከፈለው?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። መጠየቅ ያለበት ስንት እንዳወጣ ነው፤ የመልሱን ግማሽ ደግሞ የቤቷ እመቤት ናት የምታውቀው።

ከመኪናዋ በፊት ጀርባዋን እዩ

ዓመቱን ለማጥበብ ከመኪናዋ ይልቅ ከኋላዋ ያለው ይረዳል። የቤት ግድግዳ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ ሕዝብና የሣር ነዶ ከታየ ውድድሩ የሕዝብ መንገድ ላይ ነበር፤ ይህ ከ1948 እስከ 1952 ባለው ጊዜ ይበዛል። ያ ዘመን ያለቀበት ምክንያት አሳዛኝ ነው። በ1950 ዋትኪንስ ግሌን ላይ ሳም ኮሊየር የሚባል ተወዳዳሪ ሞተ። በ1952 እዚያው ከተማ አንዲት መኪና እግረኛ መንገድ ላይ የነበሩ ተመልካቾችን ገጭታ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ሞተ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ በከተማ መንገድ መሮጥ እየቀረ ሄደ።

ሜዳው ለጥ ያለ፣ መሬቱ ሲሚንቶ፣ በሩቅ የአውሮፕላን ማረፊያ ሕንፃ የሚታይ ከሆነ የጦር ሰፈር ነው። የአሜሪካ ስትራቴጂክ አየር ዕዝ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ የስፖርት መኪና አፍቃሪ ነበሩ፤ ከ1952 እስከ 1954 የአየር ኃይል ሰፈሮቻቸውን ለክለቡ ውድድር ከፈቱ። በጆርጂያ ተርነር፣ በፍሎሪዳ ማክዲል፣ በነብራስካ ኦፈት የተሮጠው በዚያ ጊዜ ነው። የተገኘው ገቢ ለወታደሮቹ ኑሮ ማሻሻያ ይውል ነበር። እርግጥ ሌሎች የአውሮፕላን ሜዳዎች ከዚያም በኋላ ለውድድር አገልግለዋል፤ ስለዚህ ሲሚንቶ ሜዳ ብቻውን ዓመቱን አይቆርጥም።

ከ1955 በኋላ ለውድድር ብቻ የተሠሩ ሜዳዎች ይመጣሉ። በዊስኮንሲን ሮድ አሜሪካ በ1955፣ የዋትኪንስ ግሌን ቋሚ ሜዳ በ1956፣ በኮነቲከት ላይም ሮክ፣ የቨርጂኒያው ሜዳና የካሊፎርኒያው ላጉና ሴካ በ1957 ተከፈቱ። በካሊፎርኒያ ፎቶ ላይ መንገዱን ወፋፍራም የጥድ ዛፎች ከግራና ከቀኝ ካጠበቡት ፔብል ቢች ነው ብሎ መገመት ይቻላል፤ እዚያ የተሮጠው ከ1950 እስከ 1956 ብቻ ነው። በመጨረሻው ዓመት ኧርኒ ማካፊ ከዛፍ ጋር ተጋጭቶ ሞተ፤ ውድድሩም በዓመቱ ዛፍ ወደሌለበት ወደ ላጉና ሴካ ኮረብታ ተዛወረ።

እግረ መንገድ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ሴብሪንግ ላይ ሮጫለሁ» የሚል ቃል ሲሰማ ወዲያው የታወቀውን የ12 ሰዓት ዓለም አቀፍ ውድድር መገመት ስህተት ሊሆን ይችላል። የ12 ሰዓቱ ከ1952 ጀምሮ በየመጋቢቱ ይካሄድ የነበረ ነው፤ እዚያው ሜዳ ላይ ግን አጫጭር ውድድሮችም ተሮጠዋል። የሰውየውን ትዝታ ሳያጣጥሉ «ሌሊት ትነዱ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይለየዋል፤ የ12 ሰዓቱ ሲጨልም ነበር የሚያልቀው።

በሩ ላይ ያለው ፊደል

ከቁጥሩ ጎን አንድ ወይም ሁለት ፊደል ከታየ የፎቶው ትልቁ መረጃ እሱ ነው። ክለቡ መኪናዎችን በሁለት ቤት ከፍሏቸው ነበር። «ፕሮዳክሽን» ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ደንቡ ከሚፈቅደው ጥቂት ለውጥ ጋር የምትሮጥ መኪና ናት። «ሞዲፋይድ» ለውድድር የተሠራች ወይም በብዙ የተለወጠች ናት።

የሞዲፋይድ ፊደል የሞተሩን መጠን ይናገራል። ኤች እስከ 750 ሲሲ፣ ጂ ከ750 እስከ 1100፣ ኤፍ እስከ 1500፣ ኢ እስከ 2000፣ ዲ እስከ 3000፣ ሲ እስከ 5000፣ ቢ እስከ 8000፣ ኤ ከዚያ በላይ። ስለዚህ በሯ ላይ «ኤፍ ኤም»፣ ማለትም ኤፍ ሞዲፋይድ፣ ያለባት ዝቅ ያለች ብርማ መኪና ፖርሽ 550 ብትሆን ሊያስገርም አይገባም፤ ሞተሯ 1498 ሲሲ ነው።

ፕሮዳክሽን ላይ ግን ነገሩ ይጠማዘዛል። መጀመሪያ በሲሲ ይከፈል የነበረው በኋላ መኪናዋ ሜዳ ላይ ባላት ብቃት እየተመዘነ ስለተመደበ አንዷ መኪና በተለያየ ዓመት የተለያየ ፊደል ይዛ ትገኛለች። ይህ ቤተሰብን ግራ ያጋባል፤ «አባዬ ሁለት መኪና ነበረው እንዴ?» ያሰኛል። ላይሆን ይችላል፤ ደንቡ ነው የተቀየረው። የየዓመቱ የደንብ መጽሐፍ ከተገኘ ፊደሉና የመኪናዋ ዓይነት ተደምረው ዓመቱን ያጠብባሉ።

ቁጥሩ ግን የመኪናዋ ስም አይደለም። ብዙ ጊዜ አዘጋጆቹ ለዚያ ውድድር ብቻ የሚሰጡት ነው፤ በፕላስተር የሚሠራውም ሰኞ ጠዋት ተልጦ በዚያችው መኪና ሥራ ስለሚኬድ ነው። ሁለት ፎቶ ላይ ሁለት ቁጥር ቢታይ መኪናዋ አንድ ልትሆን ትችላለች። ቁጥሩን ወደ ስም የሚቀይረው የውድድሩ መጽሔት ነው፦ ቁጥር፣ ነጂ፣ መኪና፣ ምድብ በአንድ መስመር ይታተምበታል። ቤት ውስጥ ከሌለ ዋትኪንስ ግሌን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የሞተር ውድድር ምርምር ማዕከል የክለቡን መዛግብት ይዟል፤ የሰኞ ዕለት የአካባቢ ጋዜጣም ውጤቱን ያወጣ ነበር።

መኪናዋን መለየት

አልበሞቹ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡት ጥቂት ዓይነቶች ናቸው። ኤምጂ ቲሲ፦ ጎማዋ ቀጭንና ረጅም፣ ቸርኬዋ እንደ ብስክሌት ራጂ ያለው 19 ኢንች፣ መሪዋ በቀኝ ብቻ፣ ሞተሯ 1250 ሲሲ፣ 54 የፈረስ ጉልበት። ከ1945 እስከ 1949 ወደ 10,000 ተሠርተዋል፤ አሜሪካ የገቡት 2,000 ገደማ ናቸው። ተከታይዋ ቲዲ ፊቷ ከሩቅ አንድ ይመስላል፤ ጎማዋ ግን 15 ኢንች ስለሆነ መኪናዋ ወደ መሬት ጠጋ ያለች ናት፤ መሪዋም በግራ ተሠርቶላታል። ቲኤፍ ላይ የፊት መብራቶቹ ወደ ፓራፋንጎው ገቡ። ኤምጂኤ፣ ከ1955 እስከ 1962፣ ክብ ክብና ልሙጥ ናት፤ ከቀደሙት ጋር ማምታታት አይቻልም።

ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት በ1958 ስትወጣ የፊት መብራቶቿ ኮፋኖው ላይ እንደ እንቁራሪት ዓይን ወጥተው ነበር። ሌላም ምልክት አላት፦ ከውጭ የበር እጀታ የላትም፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋም ከውጭ አይከፈትም፤ ዕቃ የሚገባው ወንበር አጥፎ ከውስጥ ነው። ሞተሯ 948 ሲሲ፣ 43 የፈረስ ጉልበት። ርካሽ ስለነበረች ብዙ ጀማሪ የጀመረባት መኪና ናት፤ ኤች ፕሮዳክሽን ምድብ ውስጥ ትሮጥ ነበር። የሻንሲ ቁጥሯ በ«ኤኤን5» ይጀምራል። ይህ ቁጥር በአሮጌ ሊብሬ ወይም በኢንሹራንስ ወረቀት ላይ ከተገኘ፣ እንግሊዝ ጌይደን የሚገኘው የብሪታንያ ሞተር ሙዚየም ከፋብሪካው መዝገብ አውጥቶ መኪናዋ የተሠራችበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሟንና የተላከችበትን አገር የሚገልጽ ሰርተፍኬት በክፍያ ይሰጣል። ለኤምጂኤም ይሠራል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚቀርበው ግን ከ1963 ጀምሮ የክለቡ ምድብ የሆነው ፎርሙላ ቪ ነው። አካሏ እንደ ሲጋራ ሹል፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጎማዎቿ ከአካሏ ውጭ ያሉ መኪና ናት፤ የፊት አክስሏ፣ ካምቢዮዋና 1200 ሲሲ ሞተሯ ግን የምናውቃት ቮልስ ነች። ቮልስ ላይ ሞተሩ ከኋላ አክስል ኋላ ነው የተሰቀለው፤ እዚህ ግን ከነጂው ጀርባ፣ ከአክስሉ ፊት እንዲሆን ሞተሩና ካምቢዮው አብረው ዞረው ይገጠማሉ። እንዲሁ ከተገጠመ መኪናዋ አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ይኖራታል። ስለዚህ ካምቢዮው ተከፍቶ የዲፈረንሻሉ ትልቁ ጥርስ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል። የሥራው ዋና ቁም ነገር ይህች ናት።

ደብተሩ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች

ዘይት የነካው ትንሽ ደብተር ከአልበሙ ይበልጣል። ብዙ ቤተሰብ «ቁጥር ብቻ ነው» ብሎ ይጥለዋል። አትጣሉት። ለምሳሌ «12፣ 25፣ 15» የሚል መስመር ከተገኘ በሺኛ ኢንች የተጻፈ የስፕራይት ልክ ነው፦ የቫልቭ ክፍተት 0.012፣ የካንዴላ ክፍተት 0.025፣ የፑንቲና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያቋርጠው) ክፍተት 0.015። በሚሊ ሜትር 0.30፣ 0.64 እና 0.38 ይሆናል። ከጎኑ «ኤን5» ካለ የሻምፒዮን ካንዴላ ዓይነት ነው፤ «ኤን3» ከሆነ ቀዝቃዛው ዓይነት ነው፤ ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል። ወደ ሜዳው እየነዱ ሲሄዱ ኤን5፣ ሲደርሱ ኤን3 መቀየር የተለመደ ሥራ ነበር፤ ቀዝቃዛው ካንዴላ ከተማ ውስጥ ሲነዳ ጥቀርሻ ይይዛልና።

«4.22»፣ «4.55»፣ «3.9» የሚሉት የዲፈረንሻል ጥርስ ምጣኔዎች ናቸው። 4.22 የስፕራይት የፋብሪካ ነው። በ4.55 መኪናዋ ከመታጠፊያ ስትወጣ ቶሎ ትፈተለካለች፤ የመጨረሻ ፍጥነቷ ግን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለአጭርና ጠመዝማዛ ሜዳ ይመረጣል፤ ለምሳሌ 1.5 ማይል ለሆነው ላይም ሮክ። 3.9 ተቃራኒው ነው፤ 4 ማይል ርዝመትና ረጃጅም ቀጥታ መንገድ ላለው እንደ ሮድ አሜሪካ ላለ ሜዳ። ደብተሩ የሜዳውን ስም ባይጽፍም ምጣኔው ይጠቁማል።

አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው ካርቡራተር ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል፤ የዚያ ዘመን ሰው እጁ የሚያስታውሰው ከሁሉ በላይ ይህንን ነው። እነዚህ የእንግሊዝ መኪናዎች ኤስዩ የሚባል ካርቡራተር ሁለት ሁለት አላቸው። ሞተሩ አየር በሳበ መጠን በውስጡ ያለው ፒስተን ይነሣል፤ ከፒስተኑ ስር ያለ ሹል መርፌም አብሮ ይወጣና ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ያሰፋል። ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው። የቀዳዳውን ዳዶ እስከ ላይ አጥብቆ፣ ከዚያ ሁለት ሙሉ ዙር ማላላት፤ ዳዶው ስድስት ጎን ስላለው በደብተሩ ላይ «12 ጎን» ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ አንድ ክንድ የሚያህል የጎማ ቱቦ ይያዛል፤ አንዱ ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላው በየተራ በካርቡራተሮቹ አፍ ላይ። ሁለቱም እኩል እስኪያፏጩ ድረስ ሚኒሞው ይስተካከላል። በመጨረሻ ፒስተኑን በቀጭን ካቻቪቴ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ልክ ማንሣት፦ ሞተሩ ዙሩ ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ተንተባትቦ ከጠፋ አንሶታል፤ ለቅጽበት ጨምሮ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልክ ነው። ከካርቡራተሩ አናት ላይ ያለችው ትንሽ ክዳን ስር ቀጭን የሞተር ዘይት መኖር አለበት። ከደረቀ ቤንዚን በድንገት ሲረገጥ ፒስተኑ ዘልሎ ይነሣል፤ አየሩ ቤንዚኑን ይቀድመዋል፤ መኪናዋም ከመታጠፊያ መውጫ ላይ ትንቀራፈፋለች። ስንት ውድድር በዚህች ጠብታ ዘይት እንደተበላሸ መገመት አያቅትም።

ከዚያ የካንዴላ ንባብ አለ። ሜዳው ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ሳለ ሞተሩ ይጠፋል፣ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ መኪናዋ በራሷ ተንሸራትታ ትቆማለች፤ ካንዴላው ወጥቶ ይታያል። የቡና ወተት የመሰለ ቡናማ ጥሩ ነው። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ፒስተን ሊቀልጥ ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ በዝቷል። ርጥብ ጥቁር ከሆነ ዘይት እየገባ ነው። በፎቶ ላይ አራት ሰው ተሰብስቦ አንዲት ትንሽ ነገር የሚያይ ከሆነ ይህንን ነው የሚያነቡት።

ምን ይበላሽ ነበር?

«ለምን አልጨረሰም?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ አለ። ቀድሞ የሚመጣው ፍሬን ነው። የስፕራይት አራቱም ጎማ ላይ ያለው ታምቡር 7 ኢንች ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ኤምጂኤ 10 ኢንች። ደጋግሞ ሲረገጥ ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፤ የፍሬን ሸራው ከእሱ ይርቃል፤ ፔዳሉም ወደ ታች ይወርዳል። ሸራው ውስጥ ያለው ማያያዣ ሙጫም ሲግል ጋዝ ያወጣና ሸራው ይንሸራተታል። ውኃ የገባበት የፍሬን ዘይት ደግሞ ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። በ1959 የወጣችው ኤምጂኤ 1600 ከፊት ዲስክ ፍሬን ማግኘቷ ትልቅ ለውጥ የሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የዘይት ነገር ነው። ረጅም መታጠፊያ ላይ ከሞተሩ ስር ያለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፖምፓው አየር ይስባል፤ በሰከንዶች ውስጥ የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብሮንዚና ይበላል። መፍትሔው ከዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ መከለያ ቆርቆሮ መበየድ ነበር። በስፕራይት ላይ ደግሞ ኃይል ከዲፈረንሻል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ ይሰበር ነበር፤ ብዙዎች መለዋወጫውን ይዘው ይመጡ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ፣ ጫፉ ጥርስ ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ካለ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ፊቱ የተደቆሰ የመዳብ ወይም የእርሳስ መዶሻም ካለ የራጂ ቸርኬ መዶሻ ነው። እነዚያ ቸርኬዎች በመሐል ክንፍ ባለው አንድ ትልቅ ዳዶ ይያዛሉ፤ ክንፉ በመዶሻ ይመታል። ከመኪናዋ ግራ ያለው እንደ ማንኛውም ዳዶ ይጠብቃል፤ ከቀኝ ያለው በተቃራኒ ነው። ቸርኬው የሚገጠምባቸው ሞዞዎች በጥገና ወቅት ግራና ቀኝ ከተለዋወጡ ዳዶው እየተነዳ ራሱን ይፈታል፤ ጎማውም ይወጣል። የአያትን መኪና ዛሬ አስነሥቶ መንዳት የሚፈልግ ሰው ከምንም በፊት ይህንን ያረጋግጥ።

ሄልሜትና ልብስ

በ1956 ፒት ስኔል የሚባል ተወዳዳሪ በካሊፎርኒያ አርካታ በራስ ጉዳት ሞተ። ጓደኞቹ በ1957 በስሙ ድርጅት አቋቁመው የሄልሜት ጥራት መለኪያ አወጡ፤ የመጀመሪያው የ1959 ነው፣ ቀጥለው የ1962፣ የ1968 እና የ1970 መጡ። ከሄልሜቱ ውስጥ ያለችው ተለጣፊ ወረቀት የመለኪያውን ዓመት ትነግራለች፤ ሄልሜቱ ከዚያ ዓመት አይቀድምም። ፊትን ሙሉ የሚሸፍነው ሄልሜት በመኪና ውድድር የታየው በ1968 ነው፤ ዳን ገርኒ በዚያ ዓመት በጀርመን ግራንድ ፕሪ አድርጎት ነበር። ስለዚህ ሙሉ ፊት የሸፈነ ሰው ያለበትን ፎቶ 1950ዎቹ ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። ከነጂው ራስ ጀርባ የቆመ የብረት ቅስትም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፎቶዎች ላይ እምብዛም አይታይም።

ነጭ የጥጥ ቱታ ከተገኘና ጨርቁ ደርቆ ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ ሻጋታ አይደለም። እሳት የማይይዘው ጨርቅ ከመስፋፋቱ በፊት ቱታው በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውኃ ይነከር ነበር፦ በአንድ የአሜሪካ ጋሎን ውኃ (3.8 ሊትር) 9 አውንስ ቦራክስና 4 አውንስ ቦሪክ አሲድ፤ ወደ 255 እና 113 ግራም ማለት ነው። በታጠበ ቁጥር ስለሚለቅ ደግሞ መንከር ግድ ነው። ይህን ሥራ በየሳምንቱ ማጠቢያ ቤት ውስጥ የሠራው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት፤ በቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ ግን ስሟ አይነሣም። ሰዓት ይዘው የሚመዘግቡትም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። አንዳንድ ውድድሮች የሴቶች ዙር ነበራቸው፤ ጋዜጠኛዋ ዴኒስ መክላጌጅ ከዚያ ዘመን ወጥታ በ1961 ሴብሪንግ ላይ በፌራሪ የግራንድ ቱሪዝም ምድብን አሸንፋለች።

የእነዚያ ሰዓት ያዦች ወረቀት ከተገኘ እንዲህ ይነበባል፦ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ዙር ነው፤ በዓምዱ ውስጥ ያሉት የመኪና ቁጥሮች መስመሩን ያለፉበት ቅደም ተከተል ናቸው። የምትፈልጉትን ቁጥር በእርሳስ ከዓምድ ወደ ዓምድ አገናኙት። መስመሩ ቀስ እያለ ወደ ላይ ከወጣ እየቀደመ ነው። በድንገት ብዙ ደረጃ ከወደቀ ተሽከርክሯል ወይም ቆሟል። ቁጥሩ ጠፍቶ ካልተመለሰ ያ ዙር ነው ያቆመበት። «በመጨረሻው ዙር ሞተሩ ባይሰበር አሸንፌ ነበር» የሚለው ታሪክ እዚህ ይረጋገጣል።

ፊልሙ

የ8 ሚሊ ሜትር ፊልም ጥቅል ካለ በማሽን አታጫውቱት። የድሮ ፊልም ይሟሽሻል፤ የማሽኑ ጥርስ ቀዳዳውን ይቀድደዋል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ፊልሙ ራሱን እየበላ ነው፤ ከሌሎቹ ለይቶ አየር በሚያገኝ ሣጥን በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ዲጂታል ማስገልበጥ ነው። ሲገለበጥ የሥዕሉ ፍጥነት በሰከንድ 16 መሆኑን አስረግጣችሁ ንገሩ፤ ከ1965 ወዲህ ያለው ሱፐር 8 ከሆነ 18። አንዳንድ ቤቶች በ24 ይገለብጡታል፤ ያኔ ሁሉም አንድ ተኩል ጊዜ ይፈጥናል፤ መኪናዎቹ የማይቻል ፍጥነት ያላቸው ይመስላሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ 50 ጫማ ጥቅል በ16 ከተጫወተ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ገደማ፣ ሱፐር 8 በ18 ደግሞ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጃል። ሰዎች ሲራመዱ እንደ ዳክዬ ከተጣደፉ ተሳስቷል።

ፍጥነቱ ከተስተካከለ መኪናዋ በስንት ትሮጥ እንደነበር ማስላት ይቻላል። የስፕራይት የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 80 ኢንች፣ 2.03 ሜትር ነው። ከካሜራው ፊት በጎን ስታልፍ አንድ ምሰሶ ምረጡ፤ የፊት ጎማው መሐል ምሰሶው ላይ ሲደርስ ጀምራችሁ የኋላው እስኪደርስ ሥዕሎቹን ቁጠሩ። አንድ ሥዕል ብቻ ከሆነ 2.03 በ16 ተባዝቶ በሰከንድ 32.5 ሜትር፣ በሰዓት 117 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ከሆነ ግማሹ፣ 58። ካሜራው በተጠመዘዘ ሞላ (ስፕሪንግ) ስለሚሠራ ጥቂት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ርቀታቸው የታወቀ ሁለት ምሰሶዎች ካሉ ግምቱ ይበልጥ ይጠራል።

የኮዳክሮም ስላይዶች ቀለማቸው ጨለማ ውስጥ በደንብ ይቆያል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ወርና ዓመት ይታተማል፤ ግን ፊልሙ የታጠበበት ወር ነው እንጂ የተነሣበት አይደለም። የነሐሴ ውድድር ኅዳር ላይ ቢታጠብ የሚነበበው ኅዳር ነው። ያልታጠበ የኮዳክሮም ጥቅል ከተገኘ፣ ከ2010 መጨረሻ ወዲህ በቀለም የሚያጥብ ስለሌለ የሚወጣው በጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ስላይድ ሲገለበጥ ቢያንስ 3,000 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች ብዛት) ይሁን፤ በሩ ላይ ያለችው ፊደል የምትነበበው ያኔ ነው። ዋንጫዎቹን ደግሞ በማብረቂያ አትፈትጉ፤ ብዙዎቹ በስሱ ብር የተቀቡ ስለሆኑ ጽሑፉ ከብሩ ጋር አብሮ ይጠፋል። በለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ ከጎን በሚመጣ መብራት ፎቶ ማንሣት ይበቃል።

ሰውየውን መጠየቅ

አሁን ነው ተራው። «ስለ ውድድሩ ንገሩን» ከተባሉ ሁልጊዜ የሚያወሩትን ያወራሉ። ፎቶውን እጃቸው ላይ አስቀምጡ፤ ድምፅ መቅጃውን ክፈቱ፤ ትንንሽ ነገር ጠይቁ። መኪናዋን ወደ ሜዳው የወሰዷት ነድተው ነው ወይስ ጎትተው? መርማሪው መጀመሪያ የነካው የትኛውን ጎማ ነው? ካንዴላ ማን ቀየረ? ስም አትጥሩላቸው፣ ዓመትም አትንገሯቸው፤ ከነገራችኋቸው መልሰው የራሳችሁን ይነግሯችኋል።

የመጀመሪያዋ መኪና ቲሲ ትሁን ቲዲ ፎቶው ካልለየ ደግሞ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስተኛ ማርሽ እንዲያስገቡ ጠይቋቸው። ቲሲ መሪዋ በቀኝ ስለሆነ ማርሹ በግራ እጅ ነው የሚያዘው። ስሟን የረሱ ሰዎች እንኳ የትኛው እጅ እንደሚነሣ አያመነቱም።